ከጫካው ወገን ያለው አጥር

ግሌኒስ ታራንት አጥር ለመሥራት ልትሄድ መሆኑን ስትናገር ልጇ በሳቅ ፈረሰች። ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ ከአበባ መኮትኮቻ በቀር ሌላ መሣሪያ ያልጨበጠች ሴት ናት፤ መዶሻ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ መች ታውቃለች? ግሌኒስም አብራት ሳቀች። ለምን እንደምትሄድ ግን አልነገረቻትም። ቤት ውስጥ መቀመጥ አቅቷት ነው።

በጥር ወር ሰደድ እሳቱ ከተራራው ወርዶ የሚኖሩባትን የባሕር ጠረፍ ከተማ በከበባት ቀን፣ ሰዉ ሁሉ ያለውን ጥሎ ወደ ባሕሩ ነበር የሮጠው። ግሌኒስም እስከ አንገቷ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ የራሰ ብርድ ልብስ በራሷ ላይ ደርባ፣ በቀትር ሰማዩ እንደ ደም ሲቀላ፣ ከዚያም እንደ ከሰል ሲጠቁር አየች። ቤቷ ተረፈ፤ እሷም ተረፈች። ጎረቤቶቿ እድለኛ ነሽ ሲሏት አዎ ትላለች። ግን ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች። ከአጥሩ ማዶ ሰው ቋሊማ ሲጠብስ ጭሱ ከሸተታት ቤት ገብታ መስኮቱን ሁሉ ትዘጋለች። ሐኪሙ ጊዜ ይፈልጋል አላት። እሷ ግን ጊዜውን ስትሰጠው ፍርሃቱ እንደ ሰንጋ እየደለበ ሄደ። ዳቦ ቤት ውስጥ ሻጯ፣ እሳቱ የበላባቸውን ገበሬዎች አጥር የሚሠሩ ሰዎች እየተፈለጉ ነው ብላ ስታወራ፣ ግሌኒስ ዳቦዋን እዚያው ረስታ ስሟን ልታስመዘግብ ወጣች።

የቡድኑ አለቃ መርቭ ኦልድፊልድ ይባላል። ዕድሜውን አጥር ሲሠራ የኖረ፣ ምላሱ ከሚሠራበት እሾሃማ ሽቦ የማይተናነስ ሽማግሌ ነው። ግሌኒስ በመጀመሪያው ቀን ቀርባ ስለ አጥር ምንም እንደማታውቅ ነገረችው።

«ሻይ ማፍላት ትችያለሽ?» አላት።

«እችላለሁ።»

«በይ እንግዲያው እኛ ከምናውቀው ግማሹን አውቀሻል።»

የተመደቡት ከተራራው ግርጌ ባለው በረስል ኬምብል እርሻ ነበር። የረስል መኖሪያ ቤት ተርፏል፤ የበግ መሸለቻው ዳስ ግን ተቃጥሎ ቆርቆሮው መሬት ላይ ተኮራምቷል። ከበጎቹ አንድም አልተረፈም። ተቃጥለው ያልሞቱትን ራሱ በጠመንጃው ገላግሎ፣ ራሱ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀብሯቸዋል። ይህን ለግሌኒስ የነገራት መርቭ ነው፤ ሰውየው ራሱ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አይወጣውም። ሚስቱ ቤቭ ጭሱ ሳንባዋን ስለጎዳው ከተማ እህቷ ቤት ናት። የተረፉት ላሞች ጎረቤት ማሳ ላይ በውለታ ይግጣሉ፤ ጎረቤቱም ቢሆን ሣሩ እያለቀበት ነው። አጥር ከሌለ ላም ወደ ቤቷ አትመለስም፤ ላሞቹ ካልተመለሱ ደግሞ እርሻው እርሻ አይባልም።

ረስል ዝምተኛ ቢሆንም ሰው ይወዳል። ጠዋት ጠዋት ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሻይ ይዞ ይወጣል፤ የማንን ስኳር እንደሚያበዛ፣ የማንን እንደሚያሳንስ አይረሳም። ከሁሉም ጋር እኩል ይሠራል። ምሳ ላይ ግን የውሃውን ሞተር ልየው ብሎ ይሄድና ሌላው ሰው ሥራ ሲጀምር አመድ በአመድ ሆኖ ይመለሳል። ማንም አልጠየቀውም። ሰው ብቻውን መሆን የሚፈልግበት ሰዓት አለው ብለው ተዉት።

ሥራው እየሄደ ነበር። ግሌኒስ ሽቦ መቋጠር ተማረች፤ ባለ እጀታ በሆነው የመወጠሪያ ሰንሰለት ሽቦውን መሳብና ማላላት ቻለች፤ መዳፏ ተላልጦ ጠነከረ። ያልለቀቃት ነገር ዛፎቹ ናቸው። ከእርሻው በላይ፣ ከጅረቱ ማዶ፣ የተቃጠለው የባሕር ዛፍ ጫካ ጥቁር ሆኖ ቆሟል። ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ከመሃሉ ድንገት «ቋ!» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ የሰው ወገብ የሚያህል ቅርንጫፍ ወርዶ መሬቱን ይመታዋል። መርቭ ሁሉንም ሰብስቦ አስጠንቅቋቸዋል። እነዚያ ዛፎች ቆመው የሞቱ ናቸው፣ ሥሮቻቸው ከመሬት በታች ገና ይጨሳሉ፣ መቼ እንደሚወድቁ የሚያውቅ የለም ብሏቸዋል። ዛፍ የሚጥሉት ባለሙያዎች መጥተው ክፉዎቹ ላይ በቀይ ቀለም መስቀል አድርገው ሄደዋል። ተመልሰው እስኪጥሏቸው ድረስ ጅረቱን የሚሻገር የለም፤ ከጫካው ወገን ያለው አጥርም መጨረሻ ላይ ይሠራል። ይህ ሲወሰን ግሌኒስ እንዳይታወቅባት ቀስ ብላ ተነፈሰች።

አንድ ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ነፋስ ነበር። ሞቃትና ደረቅ፣ ልክ እሳቱ የመጣ ዕለት እንደነበረው ዓይነት ነፋስ። ግሌኒስ ቁርሷን ሳትነካ ተነሳች። ምሳ ሰዓት ላይ መርቭና ሌሎቹ የመጣ ሽቦ ለማራገፍ ከኮረብታው ጀርባ ወዳለው ዋናው መንገድ ሄዱ። እሷ የጀመረችውን ቋጠሮ ልጨርስ ብላ ከጅረቱ ወዲህ ባለው በር ላይ ቀረች።

መጀመሪያ የሰማችው ምት ነው። ድም። ቆይቶ ደግሞ ድም። ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ። ችካል መምቻ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ከጅረቱ ማዶ፣ ከዛፎቹ መሃል ነው። ወዲያው ገባት። ለካ ረስል የሚሄደው ወደ ውሃው ሞተር አልነበረም። ሰው የማይገባበትን አጥር ብቻውን እየሠራ ኖሯል።

ሄዳ ልትጠራው አሰበች፤ ግን እግሯ አልተነሳም። ምቱ ቀጠለ፣ ከዚያ ቆመ፤ ሽቦ እየሳበ መሆን አለበት። ነፋሱ ኃይለኛ ሆኖ ሲመጣ ጫካው በሙሉ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ አለ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ስንጥቅታ ተሰማ፤ ተከትሎም የከባድ ነገር መውደቅ። መሬቱ ከእግሯ በታች ሲርድ ታወቃት። ከዛፎቹ መሃል አመድ እንደ ጢስ ቦለለ።

ምቱን ጠበቀች። አልመጣም።

ውሃ እየጠጣ ነው አለች ለራሷ። ላቡን እየጠረገ ነው። «ረስል!» ብላ ጮኸች፤ ነፋሱ ድምጿን ከአፏ ነጥቆ ወደ ኋላዋ ወሰደው። ስልኳን አወጣች፤ የኔትወርክ ማማው ከተቃጠለ ጀምሮ ሞባይል እዚያ እንደማይሠራ እያወቀች ነው ያወጣችው። ሌሎቹ ከኮረብታው ጀርባ ናቸው። ሄጄ ልጥራቸው፣ መርቭ ያውቃል፣ የዚህ ዓይነት ነገር የሱ ነው ብላ ወሰነች። ዞረችም። ጥቂት እንደ ሄደች ከዛፎቹ በመራቋ ልቧ ቀለል ሲላት ተሰማት፤ ይህን ስታውቅ በራሷ አፈረች። እንደዚያም ሆኖ አልቆመችም።

ያቆማት ፉጨት ነው። ገበሬ ከሩቅ ውሻውን የሚጠራበት ዓይነት ፉጨት፣ ግን ቀጭንና የተቆራረጠ። መጮህ ያቃተው ሰው ፉጨት ነበር። ረስል ደግሞ ውሻ የለውም፤ እሳቱ ወስዶበታል።

ግሌኒስ ጅረቱን ተሻገረች።

ወደ ላይ እያየች መሄድ ነበረባት፤ ወደ ላይ ካየች ደግሞ እግሯ የት እንደሚያርፍ አታውቅም። መሬቱ በአመድ የተሸፈነ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ሲረገጥ ውስጡ ባዶ እንደሆነ ማሰሮ ይጮሃል። ከላይ ዛፎቹ እርስ በርሳቸው እየተፋጩ ያቃስታሉ። ጥቁር ቅርፊት እየተላቀቀ በነፋሱ ይበራል፤ አንዱ ጉንጯን ሲመታት በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ስትነሳ ከአንድ ጉቶ ሥር ቀጭን ጢስ እንደ ክር ሲወጣ አየች። ሽታው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ባሕሩ፣ ብርድ ልብሱ፣ የቀላው ሰማይ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ጎንበስ ብላ የጠጣችውን ሻይ አስመለሰች። አፏን በጓንቷ ጠርጋ ቀና ስትል አዲሶቹን ችካሎች አየች። ገመድ እንደ ተሳበላቸው ቀጥ ብለው ሽቅብ ይሄዳሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው፣ እያንዳንዱን በእጇ እየያዘች፣ ሕፃን ግድግዳ ይዞ እንደሚሄደው ሄደች።

ረስል በደረቱ ተኝቶ ነበር። የወደቀው ቅርንጫፍ ሰውነቱን አላገኘውም፤ ያገኘው እየወጠረው የነበረውን ሽቦ ነው። ረስል ለማምለጥ ሲዘል ቀኝ እግሩ የዛፍ ሥር ነድዶ ባዶ ወደ ቀረ ጉድጓድ ገብቷል፤ ቅርንጫፉ የተጫነው ሽቦ ደግሞ ከላይ ወርዶ ባቱን ከመሬቱ ጋር አጣብቆታል። ሽቦው እንደ በገና ክር ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል።

ሲያያት ደስ አላለውም። «አንቺ ነሽ እንዴ? ሌላ ሰው የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያው ተመለሺ። ሂጂና መርቭን ጥሪ።»

«እግርህ እንዴት ነው?»

«ይሞቃል» አለ፤ ከዚያ ጥርሱን ነከሰ። «ታች ፍም አለ መሰለኝ። ጫማዬን እየበላው ነው።»

ፒንሳው አጠገቡ ወድቋል። አንስታ ሽቦው ላይ ስታደርገው ክንዷን ያዘ። «እንዳትቆርጪው። እንደዚህ ተወጥሮ ከተቆረጠ ሁለታችንንም ይገርፈናል፤ ዓይንሽን ያወጣዋል።» መወጠሪያውን ማላላት እንጂ ሌላ መንገድ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። መወጠሪያው ያለው ከማዕዘኑ ችካል ላይ ነው። ወደዚያ ዞራ አየች። ከችካሉ አጠገብ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ግማሽ ግንዱ በእሳት ተበልቶ እንደ ዋሻ ተከፍቷል፣ ወደ ችካሉም አዘንብሏል። ከተከፈተው ጎን በላይ ቀይ መስቀል አለ።

ነፋሱ መጣ። ዛፉ ከሥሩ ተነቃነቀ፤ ሁለቱም አዩት።

«ግሌኒስ» አለ ረስል በቀስታ። «እየነገርኩሽ ነው፣ ተመለሺ። ማንም አይወቅስሽም።»

«ፈርቻለሁ» አለች። ይህን ቃል ከጥር ወዲህ ለማንም፣ ለልጇም ለሐኪሙም ተናግራው አታውቅም ነበር። «በጣም ፈርቻለሁ፣ ረስል።»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ።»

ሄደች። እንዴት እንደ ሄደች ኋላ ሲጠይቋት መናገር አልቻለችም። የምታስታውሰው ከዛፉ ሥር ስትቆም የተሰማትን ነው። የግንዱ ውስጥ ያለማቋረጥ ይንጣጣል፤ ጥርስ ሲፋጭ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ። የመወጠሪያውን እጀታ ያዘች። ጓንቱ ይንሸራተታል፤ ጓንቷን አውልቃ ጣለች። እጀታውን ወደ ኋላ መለሰችው። ቀጭ። ምንም አልተለወጠም። ቀጭ። አንገቷ በራሱ ጊዜ ሽቅብ ሊዞር ሆነ።

«ወደ ላይ አትዪ» አለ ረስል። «እኔን እዪ። ዛፉን እኔ አይልሻለሁ። እያወራሁሽ ነው፣ ትሰሚኛለሽ? ቤቭ ሻይ ማፍላት አትችልም። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረን ስንኖር እንደ እግር መታጠቢያ ያለ ሻይ ነው ያጠጣችኝ።»

ቀጭ። አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ ዓይኗ ስለተሞላ እጀታውን በዳበሳ ነው የምትሠራው። ቀጭ። ሽቦው ድንገት ለሰስ ሲል ሰንሰለቱ ወደ መሬት ወረደ። ረስል ሽቦውን ከባቱ ላይ ገፍትሮ እግሩን ሲስብ ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ሮጣ ብብቱን ይዛ ጎተተችው። የጫማው ሶል ቀልጦ እንደ ሬንጅ ይዘረጋ ነበር፤ ቁርጭምጭሚቱ ደግሞ መሆን ወደማይገባው ወገን ዞሯል።

ክንዱን በትከሻዋ አድርጋ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ፣ ችካሎቹን ተከትለው ወረዱ። ሁለት ጊዜ ወደቁ። በሁለተኛው ጊዜ ረስል ትንሽ እንረፍ አለ፤ ግሌኒስ በአውቶቡሷ ላይ የሚረብሹ ተማሪዎችን ትናገርበት በነበረው ድምፅ፣ ተነስ አለችው፤ ተነሳ። ጅረቱን እየተሻገሩ ሳለ ከኋላቸው ስንጥቅታው፣ ከዚያም ረጅም የመውደቅ ድምፅ ተሰማ። የውሃው ገጽ ተንቀጠቀጠ። የትኛው ዛፍ እንደ ወደቀ ለማየት አንዳቸውም አልዞሩም።

ከበሩ ወዲህ ሣር ላይ ተዘረሩ። ግሌኒስ ቀና ብላ የቀለጠውን ጫማ አየችው። ያኔ ቁጣ መጣባት።

«ምን ልታደርግ ነበር እዚያ የሄድከው? መርቭ አይገባም ብሎ የለም?»

ረስል፣ ቤቭ በቤቱ ስልክ እየደወለች ደጋግማ ላሞቹ መቼ ይመለሳሉ ብላ እንደምትጠይቀው ነገራት። በቅርቡ ብሏት ነበር። ዛፍ ጣዮቹ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሣር የለውም። «ለኔ አጥር ብሎ የሰው ልጅ እንዲሞት አልፈለግኩም» አለ።

«አንተስ የሰው ልጅ አይደለህም?»

 ረስል ሰማዩን እያየ፣ ለሷ ሳይሆን ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ ተናገረ። «እዚያ ላይ ስሆን ቢያንስ የምፈራው ነገር አለ። ቀና ብዬ አየዋለሁ። ቤት ውስጥ ግን ምንም የለም፤ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እፈራለሁ። በግ አይጮህም፣ ውሻ አይጮህም። ዝምታውን ነው የምፈራው። ይሄ የደህና ሰው ነገር ነው?»

ግሌኒስ የጣራዋን ቆርቆሮ አሰበች። «አላውቅም» አለች። «እኔ ቋሊማ ነው የምፈራው።»

ረስል ዞሮ አያት። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው መሳቅ ጀመረ፤ እግሩ ስላመመው እየሳቀ ተሳደበ፤ እሷም አብራው ሳቀች፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ። መርቭ በመኪና ሲደርስ ያገኛቸው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሁለቱም የሰከሩ መስሎት ነበር። እግሩን ሲያይ ፊቱ ነጣ። ረስልን እየረገመ ወደ መኪናው ተሸከመው፤ ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስም እርግማኑን አላቋረጠም። ግሌኒስ ትከሻ ላይ ግን የራሱን ኮት አውልቆ ጣል አደረገላት።

የረስል ቁርጭምጭሚት ተሰብሯል፤ ተረከዙም ተቃጥሏል። ቤቭ ነገሩን ስትሰማ ሳንባዋን ረስታ በማግሥቱ መጣች፤ ቤታቸው ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ድምጿ እስከ ጅረቱ ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ዝም ብሎ አያውቅም። ዶክተሩ ስለ እግሩ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፉም እንዲጠይቀው ያደረገችው እሷ ናት። መርቭ በበኩሉ ዛፍ ጣዮቹ ዘንድ ሄዶ ምን እንዳላቸው አይታወቅም፤ ብቻ በዚያው ሳምንት መጋዛቸውን ይዘው መጡ። ቀይ መስቀል ያለበት ዛፍ ሁሉ ሲወርድ ግሌኒስ ጆሮዋን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ተቀመጠች።

ከጫካው ወገን ያለው አጥር ከዚያ በኋላ ተሠራ። የረስል ችካሎች ቀጥ ብለው ስለነበር አንዱንም መንቀል አላስፈለገም። እሱ እግሩን በጀሶ አስሮ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ በመስኮቱ በኩል ይህ ላላ፣ ያኛው ጠበቀ እያለ ሁሉንም ሲያሰለች ዋለ። ላሞቹ በጎረቤት መኪና ተጭነው ሲመጡ የመጀመሪያዋ ላም በሩ ላይ ቆማ የተቃጠለውን አገር አሻግራ አየችና መግባት እንቢ አለች። ቤቭ ከኋላ ገፋቻት፤ ገባች።

ቡድኑ በሚቀጥለው ሰኞ ወደ ሌላ እርሻ ተዛወረ። እዚያም አጥሩ በአንድ ወገን በተቃጠለ ጫካ፣ በሌላው ወገን በጥርጊያ መንገድ ይዋሰናል። የዛፎቹ ጉዳይ ተመርምሮ አልቋል፣ ያስፈራሉ የተባሉት ወድቀዋል። መርቭ ሥራ ሲያከፋፍል ግሌኒስ ዘንድ ደርሶ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ የት ብትሠራ እንደምትመርጥ ጠየቃት። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች የረስልን ነገር ሁሉም ሰምተዋል፤ ምን እንደምትል ለመስማት ጆሯቸውን አቁመዋል።

ነፋሱ ትንሽ ትንሽ ይል ነበር። ግሌኒስ ጥቁሮቹን ዛፎች አየቻቸው።

«የመንገዱን ዳር ስጠኝ» አለች። «ዛፍ ያስፈራኛል።»

«እኔንም» አለ መርቭ፤ የሽቦውን ጥቅል በአንድ ጫፍ ያዘላት፣ እሷም በሌላው ያዘች፤ ተሸክመውት ወደ መንገዱ ወረዱ።